ከሽቦ የተሠራው ፕሮቲን

አረብ አገር፣ ቨርደን የሚባል ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ፣ ማዳሜ በወጣች ቁጥር በሩን ከውጭ ትቆልፍብኝ ነበር። ባሏ፣ ሚስተር የምለው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሽማግሌ ነው። እኔ በገባሁ በስምንተኛው ወር፣ ከውጭ በመጣለት መጽሔት ላይ የአንድ የሰው ፕሮቲን ቅርጽ አየና፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከሽቦና ከባለ ቀለም ኳሶች ይሠራው ጀመር። ማዳሜ «ማንም እንዳይነካው!» አለች። ማንም ማለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም።

አንድ ረቡዕ ሁለቱም እንደወጡ፣ ጠረጴዛው ሥር ስወለውል የመወልወያው እጀታ ገጨውና ግማሹ ተገንጥሎ ወደቀ። ኳሶቹ ሶፋ ሥር ገቡ። ሮጬ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ተቆልፏል። በረንዳ ወጣሁ። የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም የፊት ለፊቱ ሕንፃ የጥይት ቀዳዳ ገና አልተደፈነም፤ መስኮቶቹ ላይ ሰው የለም። ተመልሼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ሲወጣልኝ መጽሔቱን ገለጥኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ባዮሎጂ እወድ ነበር። ጽሑፉ ብዙም አልገባኝም፤ ሥዕሉን ግን እያየሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገጣጠምኩ። ምሳ አልሠራሁም።

ማዳሜ ገብታ ባዶውን ድስት አይታ ስትጮህ፣ ሚስተር ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፣ ሚስተር። ወድቆብኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይሄን ጥምዝምዝ እኔ ወደ ግራ ነበር የጠመዘዝኩት። ያኒ፣ ማለቴ ተሳስቼ። አንቺ ነሽ ያቃናሽው?»

በጣቴ መጽሔቱን አሳየሁት።

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። በዚያ ቤት ከእነሱ ጋር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ፕሮቲኑ ሴል ውስጥ ሆኖ ከውጭ የመጣ መልእክት እየተቀበለ ወደ ውስጥ እንደሚያቀብል፣ ቅርጹን ለማየት ደግሞ እንደ ጨው ክሪስታል አድርገው ኤክስሬይ እንደሚያሳልፉበት ነገረኝ።

«ክሪስታል ሆኖም መልእክት ያቀብላል?» አልኩት።

«አይ፣ እዚያ ተደርድሮ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።»

ይህን ሲል ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንባዬ መጣ። ማዳሜ «ኸላስ! ይበቃል፤ ኩሽና ሥራ አላት» አለች።

በማግስቱ ቁርስ ላይ «ለልጅቷ ቁልፍ ስጫት» ሲላት ሰማሁ።

«ብትጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው? አንተ?»

ሻዩን ጨርሶ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ደግሞም አላነሳውም። እኔም ስለ ፕሮቲኑ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ከሁለት ዓመት ውሌ የቀሩኝን አሥራ ስድስት ወራት በዚያው በተቆለፈ በር ውስጥ ጨረስኩ። ስሄድ ኤርፖርት ያደረሰችኝ ማዳሜ ናት፤ ፓስፖርቴን የሰጠችኝም እዚያ ነው። ሚስተር የዚያን ቀን የሚያስተምረው ክፍል ነበረው።