ራሽን ያልደረሰው ቁጥር

ታናሽ እህቴን የቁጥር ዓይነቶችን ያስተማርኳት ማትሪክ ልትፈተን ጥቂት ወራት ሲቀራት ነው። እኔ አምቦ ሂሳብ አስተምራለሁ። እሷ ጌዶ ከአባታችን ጋር ሆና፣ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ እንደ ነገሩ አስራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። ከዜሮ በታች ቁጥር መኖሩን በቅጡ ሳታውቅ መድረሷ አንገበገበኝ። የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ።

እኔ ዘንድ አመጣኋትና ከሀ ጀመርን። መጀመሪያ መቁጠሪያዎቹን፣ ቀጥሎ ዜሮ ሲጨመርባቸው ሙሉ የሚባሉትን፣ ከዚያ ኔጋቲቮቹን። እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ተምራ ዘጠነኛ ላይ በእንግሊዝኛ የተቀበሏት ልጅ ናት፤ እያንዳንዱን ስም በሦስት ቋንቋ እናኝከው ነበር። ራሽናል ላይ ስንደርስ ፊቷ በራ።

«ኤዬ ጋሼ፣ ይሄማ የአባዬ ራሽን ነው!»

አባታችን የቀድሞ ወታደር ነው፤ ወሬው ሁሉ እዚያ ራሽን እንዴት ይካፈሉ እንደነበር ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ግን ብዙም አልሳተችም፤ ራሽናል አንዱ ድፍን ቁጥር ለሌላው ሲካፈል የሚገኝ ነው፣ አካፋዩ ዜሮ አይሁን እንጂ።

«ኢራሽናል ደግሞ ተካፍሎ የማያልቀው» አለች።

«እሱን ተሳሳትሽ። አንድን ለሦስት አካፍይ። አያልቅም፤ ግን ያው ሦስት እየተደጋገመ ስለሚሄድ ራሽናል ነው። ኢራሽናል አያልቅም፣ እንዲያ እየተደጋገመም አይሄድም። የሁለት ስኩዌር ሩት እንደዚያ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «ምስኪን! ራሽን ያልደረሰው!» አለችው። ከዚያ ወዲያ አንዱን ከሌላው አላምታታችም። እኔም ሞኙ ተስፋ አደረግሁ።

ውጤት የወጣ ቀን ስልኬ ላይ አብረን አየነው። ሂሳብ ከግማሽ በላይ አምጥታለች። ዓመቱን ሙሉ አስተማሪ ያልነበራቸው ፊዚክስና ኬሚስትሪ ግን ጎትተው ጣሏት። ከትምህርት ቤቷም ያለፈ አልነበረም። ሳያስተምሩ መፈተን ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም፤ ባሰብኩት ቁጥር ያቃጥለኛል።

«ሂሳቡን እኮ ሠርተሽዋል» አልኳት። «እንደገና ትፈተኛለሽ። ሌላውንም እናጠናለን።»

አላለቀሰችም።

«ማሎ ጋሼ፣ እባክህ ከእንግዲህ አታስተምረኝ። ምንም ባይገባኝ ኖሮ ደደብ ነኝ ብዬ እተወው ነበር። አሁን ምን ብዬ ልተወው?»