ሰው ያልሞተበት ለቅሶ

ባለቤቴ ዘውዱ መርሳ ከተማ ውስጥ የሞተር ወፍጮ ነበረው። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሴቶቹን እያሳቀ ወረፋቸውን ያስረሳቸዋል።

በ1961 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የሰው ማሽላ ገና ወፍጮው ውስጥ እያለ ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ መሬት ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ ያለቅስ ጀመር።

ሴቶቹ መርዶ የመጣበት መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤቴ ድረስ ሮጡ። እኔም የሞተው ወንድሙ ነው ብዬ ደረቴን እየደቃሁ ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ።

"ዘውዱ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

"አላውቅም ጽጌ። እኔም አላውቅም።"

ለሞተ ሰው እንዴት እንደሚለቀስ እናውቃለን፤ ለዚህ ግን ምን ይባላል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ወልድያ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ምንም አላገኙበትም። ጠበልም ተጠመቀ። ጎረቤት ግማሹ ዓይን ነው አለ፣ ግማሹ ጥጋብ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሦስተኛው ወር "እንደ ወንድ ተነስ እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት።

ረጋ ብሎ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ "ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ።

በቀጥታ የሮጥኩት እትዬ ማሚቴ ዘንድ ነው። ጨው ነጋዴ ናቸው፤ ሾፌሩም ዳኛውም የሚፈራቸው ባልቴት። ተቆጥተው ያስነሱልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና፣ "ጠዋት ጠዋት ይብስሃል፣ አይደል?" አሉት።

ዘውዱ ዞሮ አያቸው። "እንዴት አወቁ?"

"እኔም ተኝቻለኋ ልጄ። ዓመት ሙሉ። ባሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች እያሉ ደብቀውኝ።"

እትዬ ማሚቴ!

"ስንፍና አይደለም፤ ሕመም ነው" አሉ። "ልብህ እስኪነሳ አትጠብቅ፤ እሱ ከእግር ኋላ ነው የሚነሳው። ነገ እስከ ወንዙ ብቻ እንሄዳለን። ሞት ሲያምርህ ደግሞ ሳታፍር ንገረን። ብቻህን አንተውህም።"

በማግስቱ አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን ጫማውን አጥልቆ ከበር ተመለሰ። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልቀሩም። ወንዙ ጋ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሰኔ ላይ ወፍጮውን ሲያስነሳ የሚሠራው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። ጨዋታው የተመለሰው ከዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ቀንሶ።

በ1964 ደጅ ላይ ሽንብራ ሳሰጣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ጽጌ፣ ያ ነገር እየመጣብኝ ነው።"

ከመጀመሪያውም ይልቅ ያኔ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለውን ሕመም ሰው በገዛ አፉ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ምን ላድርግልህ?" አልኩት።

"ነጠላሽን ልበሺ። ለእትዬ ማሚቴ ነግሬያቸው፣ የወንዙ መንገድ ላይ ቆመው እየጠበቁን ነው።"