የቀዛፊው ድርሻ

ከአሶሳ የተነሣሁት ለምጽፈው ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ላም በረት ስትገባ ትቆጠራለች፤ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ግን በዛ ወይም አነሰ የሚባለው በምን ታይቶ ነው? «መጥተህ እይ» ያለችኝ ሰላማዊት የዓሣ ሀብት ተመራማሪ ናት። ታላቁ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ዳር፣ በሸርቆሌ በኩል ወዳለ አንድ የዓሣ ማራገፊያ እየተመላለሰች ትለካለች። ከዚህ ጉዞ መልስ፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበትን ወቅት ለይታ ማስገር መቼ እንደሚቆም ሐሳብ ማቅረብ አለባት። ወቅቱ ከተሳተ አስጋሪው በከንቱ ሥራ ይፈታል፤ ዓሣውም አይድንም።

መንገዱ

ግንቦት እያለቀ ነው። ሆሞሻን አልፈን ቁልቁል በወረድን ቁጥር የአሶሳ ንፋስ ከኋላችን እየቀረ ሄደ። ግራ ቀኙ ቀርከሃና ኩይሳ ነው፤ ቀዩ አቧራ በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል።

መንጌ ላይ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ በላን። ባለቤቷን ዓሣ እንዳላት ጠየቅኳት።

«ጠዋት አለቀ። ትልቁ አሶሳ ይሄዳል፣ ትንሹ እኛ ጋ ይቀራል።»

«ድሮም እንደዚህ ነበር?»

«ድሮ ሐይቅ የት ነበረ? ወንዝ ነው የነበረ» ብላ ሳቀችብኝ። አሶሳ ሲደርስ የአንዱ ቆሮሶ ዋጋ እጥፍ እንደሚሆንም ነገረችኝ።

ማራገፊያው

ሐይቁ ውስጥ የሰመጡት ዛፎች ደርቀው ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ ወፍ ሰፍሯል። በአንድ ዳስ ሥር የተቀበለን ሐሚድ የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፣ የበርታ ተወላጅ። አብሮት የሚቀዝፈው ይመር በልጅነቱ ከወሎ ከሰፋሪዎች ጋር መጥቶ ባምባሲ አካባቢ ያደገ ነው። ሁለቱ ሰላም የሚባባሉት በመሰዳደብ ነው።

ሐሚድ ቤቱን አሳየን። ውሃው ሲሞላ ከታች ነቅሎ ጉብታው ላይ ተክሎታል። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው ግን ሸራ ነው። «የዚህ ወር ዓሣ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ኢንሻላህ። ትልቁ ዝናብ ሳይመጣ» አለ።

ሰላማዊት ሥራዋን ጀመረች። ዓሣውን መለኪያ ጣውላው ላይ ታጋድማለች፣ ርዝመቱን ትይዛለች፣ ትመዝናለች። ትልልቆቹ ከዓመት ዓመት እየጠፉ ከሄዱ፣ ዓሣው ሳይወልድ እየተያዘ ነው ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። በረዶ ስለሌለ አብዛኛው የሚመጣው ሆዱ ተጠርጎ ነው። ለእሷ ግን፣ በጠየቀችው መሠረት፣ ጥቂት ያልተከፈቱ ያስቀምጡላታል። እነዚያን ከፈተቻቸው። እንቁላል የያዘች ሴት እምብዛም የለችም።

«እንዳለፈው ነው፤ ገና ናቸው። ከነሐሴ ጀምሮ ይዘጋ ብል ይሻላል» አለች።

ሐሚድ ፊቱ በራ። እስከ ነሐሴ ጣሪያው ያልቃል።

ውሃው ላይ

የሐሚድ ጀልባ ጠባብ ስለሆነች ሰላማዊት እስከዛሬ የምትጠብቃቸው ዳር ላይ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ግን ሰፊውን የማኅበሩን ጀልባ ወሰድንና አብረን ገባን። መረቡ የተጣለው በሰመጡት ዛፎች መካከል ነው። ሐሚድ ይስባል፣ ይመር ያላቅቃል። ከዚያ አንዲት ደሴት ላይ ወጥተው ቢላዋ አወጡ።

እያንዳንዱን ቆሮሶ ሆዱን በአውራ ጣት ዳበስ ያደርጋሉ። ያበጠውን ወዲያው ይከፍታሉ፤ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነውን ከነሆድ ዕቃው ወደ ጎን ያኖራሉ።

«እሱስ ለምን አልተከፈተም?» አልኩ።

«ሆዱ የሞላውን ፀሐይ ቶሎ ያበላሸዋል። ይሄ ግን ይቆያል፤ የዶክተር ነው» አለ ሐሚድ ወደ ሰላማዊት እየጠቆመ።

ይመር እሳት አንድዶ መጥበሻ ጥዶ ነበር። ቢጫ የዓሣ እንቁላል በጨውና በበርበሬ ይንጣጣል። «ቅመስ ወንድሜ! የቀዛፊ ድርሻ ነው። ሊቀ መንበሩ ሥጋውን ይሸጣል፣ እኔ እንቁላሉን እበላለሁ፤ ለዚህ ነው ከሱ የማምረው።»

«መልክህን ለዓሣ አሳይ፣ ትሸሻለች» አለ ሐሚድ።

ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ እንደ ጥሬ ዱቄት አፍ ውስጥ ይፈርሳል። ሰላማዊት ግን አልጎረሰችም። መጥበሻውን አየች፣ ለእሷ የተቀመጡትን አየች።

«ይሜ፣ ይህን ሁልጊዜ ታገኛለህ?»

«በዚህ ወቅት? ጠግቤም ይተርፈኛል።»

አላታለሏትም። የማይበላሸውን መርጠው በአክብሮት ነበር የሚያስቀምጡላት፤ የማይበላሸው ደግሞ እንቁላል የሌለው ነው። ለጽሑፌ ጥሩ ነገር አገኘሁ ብዬ ቀና ስል የሐሚድን ፊት አየሁ። እሱም ገብቶታል።

ሰላማዊት ቀስ ብላ ተናገረች። «ሐሚድ፣ በመጥበሻ ማስረጃ አይቀርብም። ነገ የያዛችሁትን በሙሉ ሳትከፍቱ ካመጣችሁልኝ ነው የማውቀው። ግን የማስበው ከሆነ፣ ይሄ የሚራቡበት፣ ዛፍ ያለበት ክፍል የሚዘጋው ነሐሴ ሳይሆን አሁን ነው። የሚቀርላችሁ መሐሉ፣ ጥልቁ ነው።»

«ለጥልቁ መረብ የለንም» አለ ሐሚድ።

«አውቃለሁ። እምቢ ማለት ትችላለህ።»

ሐሚድ መረቡን አጥፎ ጨረሰ።

«ዓሣው ከሄደ አይመለስም። ቤቱ የትም አይሄድም።»

«ኧረ ተው! ያንተ ቤት እንኳ አንዴ ሄዷል» አለ ይመር። የመጀመሪያው የሳቀው ሐሚድ ነው።

በነጋታው ጀልባዎቹ ዓሣውን ሳይከፍቱ አመጡ። ሙቀቱ የተወሰነውን አበላሸው፤ ነጋዴው አፍንጫውን ይዞ አልወስድም አለ። ሰላማዊት ከፈተች፣ ከፈተች። ከሴቶቹ አብዛኞቹ በእንቁላል ሞልተዋል። ሆዷ ባዶ የሆነች አንዷን አፏን ፈልቅቃ አሳየችኝ፤ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። የሐሚድ ማኅበር በዳሱ ሥር ተሰብስቦ ብዙ ተጨቃጨቀ፤ በመጨረሻ ዛፍ ካለበት ውሃ መረባቸውን ለማውጣት ተስማሙ።

አሶሳ

ዝናቡ ሆሞሻ ላይ ያዘን። ቤቴ ስገባ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይዤው የሄድኩት ጥያቄ መልሱ ሚዛኑ ላይ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለ ዓሣ አኃዝ ሲነገረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ሚዛኑ ላይ ያልደረሰው የት እንደሄደ ነው።

ሐሚድ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ይመር ነው።

«ሸራው ይዟል?»

«በሁለት በኩል ያፈሳል። ሊቀ መንበሩ ባልዲ ይዞ ቆሟል።»

«ዓሣውስ?»

«እሷማ ምን አለባት» አለ፤ ዝናቡ ከበስተኋላው ይሰማል። «ቤቷ እየሰፋላት ነው።»