የሁዳዴ መረቅ

በጃንሆይ ዘመን አስመራ ውስጥ የከብት ክትባት በሚሠራ ላቦራቶሪ ተቀጥሬ ነበር። ጀርሞቹን የምናሳድገው በበሬ ሥጋ መረቅ ነው፤ ሽታው ገጀረት ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር። ጨዉን በሚዛን መመዘን ደንብ ቢሆንም፣ እኛ የምናምነው ምላሳችንን ነው። ጀርሞቹ ሳይገቡበት ቀመስ እናደርገዋለን።

ሁዳዴ ሲገባ ቀማሽ ጠፋ። «ኣይፋል፣ አይሆንም፣ ጾም ነው» አልን። ጣሊያናዊው አለቃችን ራሱ ቀመሰና እንደ ፓስታ ውሃ ጨው ሞጀረበት። አንድም ጀርም አላደገም።

«እነሱም ጾሙ!» ብሎ ሳቀ።

ዛሬ በስተርጅና በምሠራበት የመድኃኒት ምርምር ቤት መረቁ ዱቄት ሆኖ፣ ጨው ተመጥኖለት በቆርቆሮ ይመጣል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ክዳኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ። ምንም አይሸትም። እንዲህ የማይፈትን ጾም ደግሞ ምኑ ጾም ነው!