ዝገት ያልነካው ሰንሰለት

እስከ ዛሬ ከስሜና ከፊርማዬ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምሁት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ስቆም አፌ ይያዛል፤ ባለፈው መስከረምም መናገር የነበረብኝን አንድ ነገር ሳልናገር ቀረሁ። አሁን ፓስፖርቴ እስኪታደስ እየጠበቅሁ ነው፤ ብጽፈውም የሚለወጥ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ክረምት በዝናብ መንዳቴ እንዳልነበረ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ከአረብ አገር ከተመለስሁ በኋላ የምኖረው ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ነበር። አረብ አገር ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሳገለግል ከግቢው የወጣሁባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለዚህ ይሆናል፣ አንድ የብስክሌት ፕሮጀክት ሴቶች እየመዘገበ ነው ሲባል፣ ሰው የምፈራው እኔ ሄጄ የተመዘገብሁት። ሴት ስላነሰው አሰልጣኙ ዕድሜዬንም ትምህርቴንም አጥብቆ አልጠየቀኝም። አንድ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት አስፈርሞ ሰጠኝ።

እብናት በኩል ያለችው እናቴ ግን ወደ አረብ አገር ተመልሼ እንድሄድ ትፈልግ ነበር። ሁለት ታናናሾች አሉኝ፤ የእርሻው መሬትም ጠባብ ነው።

«እስከ መስከረም ታገሺኝ» አልኋት። «ለዞኑ ቡድን ከተመረጥሁ እዚሁ እቀራለሁ። ካልተመረጥሁ እሄዳለሁ።»

«እንግዲህ በአፍሽ ተናግረሻል» አለችኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አሰልጣኙ ስድስታችንን ሰበሰበን። «እንግዲህ ጉምና ዝናብ ነው፤ አብረን መውጣት አንችልም» አለ። «ሁላችሁም በየራሳችሁ ቀጥሉ። መስከረም ላይ ዳገት ላይ አወዳድሬ ሁለታችሁን ለዞኑ ቡድን እመርጣለሁ። ብስክሌት ሰቅላ የከረመች ያኔ ትታወቃለች።» እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ዳገቱ ስለ እኔ ይናገርልኛል ብዬ አመንሁ።

ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣ ነበር። እግሬን መጀመሪያ በካልሲ፣ ከላዩ በፌስታል፣ ከዚያ በጫማ እሸፍናለሁ። ጓንት ስላልነበረኝ እጄ ላይም ካልሲ አጠልቃለሁ። ደረቴ ላይ ከሹራቡ ስር ላስቲክ አደርጋለሁ። ይህ ሁሉ የሚያገለግለው እስከ ከተማው መውጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃው መግቢያ አያጣም። ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት እስከ አስፋልቱ ድረስ ብስክሌቱን እየገፋሁ ነበር የምሄደው። ባጃጅ ተራው ላይ ሹፌሮቹ ለምደውኛል።

«ዳክዬዋ መጣች!» ይላል አንዱ።

«ተዋት፣ ነፋስ መውጫ ቁርስ ተጠርታ ነው!» ይላል ሌላው።

አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

መንገዴ በጋይንቱ አስፋልት ወደ ጉና በኩል ነበር። ጉሙ ሲወርድ ከፊት ጎማዬ ወዲያ አላይም። ዳገቱን ስወጣ ሙቀት አለ፤ የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። ላቤ በነፋሱ ይቀዘቅዝና ጥርሴ መንገጫገጭ ይጀምራል። ፍሬኑ በዝናብ ቶሎ አይዝም። ጣቶቼም ይጨብጡ አይጨብጡ ስለማይሰማኝ፣ በዓይኔ እያየኋቸው ነበር የምጨብጠው።

የምመለስበት ዳገት አናት ላይ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ። በሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ እየወረደ እዚያ ደርሼ ስቆም፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ጋቢያቸውን ተከናንበው እየሮጡ ወጡ።

«ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ።

በእኛ አገር እንዲህ ባለ ዝናብ የሚገሰግስ ሰው ብዙ ጊዜ መርዶ ይዞ ነው። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ማንም አልሞተም እማማ። ልምምድ ላይ ነኝ።»

«ምን ላይ?»

«ውድድር አለብኝ። ለመሮጥ ነው።»

«ከማን ነው የምትሮጪው?»

ብስክሌቱን በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸውም ደረታቸውን ይዘው ትንሽ ተነፈሱና «ኤዲያ፣ አስደነገጥሽኝ እኮ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ጨርሼ ብቅ ስል ከበራቸው ሆነው ይጣራሉ፦ «ዛሬም ሰው ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማማ!» እላለሁ። በዚያ ክረምት ጮክ ብዬ የተናገርሁት ይህንኑ ብቻ ነበር።

ቤት ስገባ የራሴን ልብስ ከመቀየሬ በፊት ብስክሌቱን ነበር የማደርቀው። እናቴ የሰው ዕቃ ተውሳ ሳታጥብ መልሳ አታውቅም። የጎረቤት ወንፊት እንኳ ከእኛ ቤት ሲመለስ ከመጣበት ጊዜ ይበልጥ ይነጣል። እኔም ሰንሰለቱን በጥርስ ብሩሽና በናፍጣ እየፈተግሁ ጭቃውን አወጣለሁ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አደርቃለሁ፣ ከዚያ ዘይት አንድ አንድ ጠብታ አደርግለታለሁ። ከአልጋዬ አጠገብ ግድግዳውን አስደግፌ አቆመዋለሁ።

«ባልሽን አደረቅሽው?» ትለኛለች አክስቴ። «አንቺ ግን ውሃሽ እየተንጠባጠበ ነው። ብርድ መትቶ ሲጥልሽ እሱ አያስታምምሽም።»

ነሐሴ ላይ በረዶ መንገድ ላይ ያዘኝ። መጠለያ ስላልነበረ ብስክሌቱን ከላዬ አድርጌ ቦይ ውስጥ ቁጢጥ አልሁ። በረዶው ካባራ በኋላ መነሳት አቃተኝ። ለማን ብዬ ነው? አልሁ። ያን ጊዜ ባቆም ይሻል ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። ግን በማግስቱም ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ያን ዳገት እግሬ መሬት ሳይነካ፣ አንድም ጊዜ ሳልቆም ጨረስሁት።

ሴትዮዋ ከበራቸው ሆነው እያዩኝ ነበር። «ዛሬ አልቆምሽም» አሉኝ።

ስለዚያ ቀን ሌላ ማንም የሚያውቅ የለም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አሰልጣኙ ደወለ። የጋይንቱ መንገድ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ውድድር አይኖርም። የሁለቱ ሴቶች ስም ግን በዚያው ሳምንት መላክ አለበት። «ነገ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ሜዳው ላይ ኑ፤ አይቼ እወስናለሁ» አለ።

ስልኩን ዘግቼ ብስክሌቱን ወደ ደጅ አወጣሁትና ከወትሮው ሁሉ አብልጬ አጠብሁት። ዕቃው ባለቤቱ ፊት ሊቀርብ ነው። ጎማዎቹን በሳሙና ፈተግሁ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወለወልሁ፣ ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ ዘይት ቀባሁት። አክስቴ እንኳ «አሁንስ ሙሽራ መሰለ» አለች።

በማግስቱ ስድስቱም ብስክሌቶች የሜዳውን አጥር ተደግፈው ቆሙ። ከአጠገቤ የቆመችው ልጅ ብስክሌት እስከ ኮርቻው ጭቃ ነው፤ ሰንሰለቱ እንደ ሸክላ ቀልቷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እየሳቀች «ከሐምሌ ጀምሮ ከጣራው ጠፈጠፍ ስር ነው የከረመው» አለችኝ። «ዛሬም እየገፋሁት ነው የመጣሁት። ምን ሊለኝ ይሆን?»

አሰልጣኙ እሷ ጋ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን ሲያዞረው ሰንሰለቱ ሲጢጥ አለ።

«ይኸው!» አለ ቀና ብሎ። «ይኼን እዩት። ሥራ የሠራ ብስክሌት እንዲህ ዝናብ ይበላዋል።» ስሟን ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ልጅቷ ሳቋን አቁማ መሬት መሬት አየች።

ቀጥሎ እኔ ጋ መጣ። ሰንሰለቱን በጣቱ ነካና ጣቱን አየው። ጎማውንም አየ፤ ጎማው ግን ስወስደውም ያለቀ ነበር።

«ክረምቱን የት ነበርሽ?» አለኝ።

«እዚሁ» አልሁ።

«ብስክሌቱስ?»

«እሱም እዚሁ።»

«ስትነጂ ያየሽ ሰው አለ?»

ዳገቱ አናት ላይ ያሉት ሴት ታወሱኝ፤ እሳቸው ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ናቸው። ባጃጅ ተራው ታወሰኝ፤ ግን ዳክዬ የሚሉኝ ሹፌሮች አሉ ብዬ እንዴት ልናገር? አምስቱም ልጆች እያዩኝ ነበር። በየቀኑ ወጥቻለሁ አላልሁም። ሰው ቤት ሳለሁ መልስ መስጠት ነውር ነበር፤ ያ ልማድ ይሁን ተፈጥሮዬ አላውቅም። ያቺ ሰንሰለቷ የዛገው ልጅም አንዴ አየችኝና ፊቷን አዞረች። አልፈርድባትም፤ እኔም አፌን አልከፈትሁም።

አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ የሌላ ልጅ ስም ጻፈ፣ ወረቀቱንም አጠፈ። ብስክሌቱን እጀታውን ይዞ ከእጄ ሲወስደው ኮርቻውን መታ መታ አደረገ።

«እንዲህ አሳምረሽ ስላስቀመጥሽልን እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለኝ። «አሁን ለምትነዳው እንሰጠዋለን።»