አጎቴ የዘር በቆሎ ሲመርጡ
በሸኮ ዙሪያ እንደ እኔ በቆሎ የሚያውቅ የለም፤ ያስተማሩኝ በክረምቱ ያረፉት አጎቴ ናቸዋ! እሳቸው በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ዘር መርጠው አያውቁም። እርሻው ውስጥ ቆመው፣ አገዳውን ከነጎረቤቶቹ አይተው፣ የወደዱት ላይ ቃጫ ያስሩ ነበር።

አንዴ ክንዴን የሚያክል በቆሎ ወሰድኩላቸውና «ለዘር የሚሆን እንዲህ ነው!» አልኩ።

«ከየት ቆረጥከው?»

«ከበረቱ አጠገብ።»

«አንተ ጉረኛ! ይሄማ እንዳንተ የተቀለበ ነው። የበረቱን ፍግ ልትዘራ ነው እንዴ? ጎረቤቶቹ በጠወለጉበት ቦታ ያፈራውን አምጣልኝ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የዘንድሮው በቆሎ ያለ እሳቸው ደረሰ፤ የከርሞው ዘር በእኔ እጅ ነው። ቃጫ ይዤ ገባሁ። አንድ ፈርጠም ያለ አገዳ መረጥኩ፣ ጎረቤቶቹንም አየሁ። ከዚያ ማሰሩን ትቼ ቆምኩ፤ ለካ የሚሰድበኝ ሰው እየጠበቅኩ ኖሯል።