አማቴ ያወጡልኝ ስም

ስፓኒሽ የጀመርኩት ከሰላምታ ሳይሆን ከማስረጃ ነው። ስፔን ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ዕድል ሲደርሰኝ የሰነዱ ዝርዝር የመጣው በእነሱ ቋንቋ ነበር። ከኮተቤ በሚኒባስ ስመለስ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አጠናለሁ። ቲቱሎ ዲግሪ ነው። ኤክስፔዲየንቴ ያሉት ያው ትራንስክሪፕት ነው። ሴዮ፣ ማህተም። እንደምን አደራችሁ ማለት ሳልችል የተረጋገጠ ቅጂ ማለት ቻልኩ።

ያንገበገበኝ አፔዪዶ የሚሉት ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ማለት ነው፤ ያውም ሁለት ይፈልጋሉ። የአራት ዓመት ልጄን ይዤ ስለምሄድ የእሷንም ቅጽ ሞላሁ። እሷ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ እኔ በአባቴ፤ በስም የሚያገናኘን ነገር የለም። የእኔ መሆኗን የሚናገረው ፓርቲዳ ዴ ናሲሚየንቶ ብቻ ነው፣ የልደት ሰርተፍኬቷ። እሱን ለአስተርጓሚ ሰጠሁ። በማግስቱ ደውሎ፣ እናት በሚለው ቦታ የተጻፈችው ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀኝ።

ይህን ጉድ የሠሩት አማቴ ናቸው። በአገራቸው ሙሽራ ስትገባ ስም የምታወጣላት አማት ናት። እኔም ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ የምጠራው በዚያ ስም ነው። ሥራ ስውል ልጄን የያዙልኝም፣ ያስከተቡልኝም እሳቸው ናቸው። ነርሷ የእናት ስም ስትላቸው ያንኑ ነገሯት፤ ክትባት ካርዱ ላይ ሰፈረ። ባለቤቴ ደግሞ በካርዱ ልደቷን አስመዘገበ። ምንም አልታየውም፣ እሱም በዚያው ነው የሚጠራኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ መልአኩ ግን ወረዳ ሄዶ አይመሰክርልኝም።

የካ ያለው ወረዳ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች አምጪ አለኝ። ሰነድ ማስገቢያው ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶታል፤ ካልተስተካከለ ልጄን ጥዬ መሄድ ነው። ሁለት ጎረቤቶችና አማቴን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ሠራተኛዋ አማቴን አስቀድማ የምራታቸውን የመታወቂያ ስም ጠየቀቻቸው። እሳቸው ያወጡልኝን ተናገሩ። ሌላውን ስትላቸው ዞረው እኔን አዩኝ። ስድስት ዓመት አብረን ኖረን ስሜን አያውቁትም። ነገ ተመለሱ ተባልን።

አማቴን የወረዳው ደረጃ ላይ አስቀምጬ ስሜን ከነአባቴ አስጠናኋቸው። ደጋግመው ካሉት በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

"እንዲህ ያለ ስም እያለሽ፣ ያኔ ስጠራሽ ለምን አቤት አልሽኝ?"

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው። ስሜን እንደገና አስደገምኳቸው።

በማግስቱ ስሜን ሳይሳሳቱ ተናገሩ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ስንወጣ ቀለሙን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

"እንግዲህ እናቷ መሆንሽን መስክሬያለሁ" አሉኝ። "አሁን ትወስጂብኛለሽ።"